ሳታይ ያጸናችው ዒላማ

ያላየውን ነገር «አይቻለሁ» ብሎ ያጸና ሰው፣ ነገሩን ከፈጠረው ሰው ባላነሰ ይጠየቃል። ሐሰት ብቻዋን ስትሆን አንካሳ ናት፤ የምትሮጠው ሁለተኛ እግር የሚሆናት ምስክር ያገኘች ዕለት ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ የሚጠነቀቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙ ሰው በሐሰት የሚመሰክረው ክፉ ስለ ሆነ አይደለምና። ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ታላቁን ላለማሳፈር፣ የማኅበሩን ደስታ ላለማደፍረስ ሲል «አዎን» ይላል። ጨዋነት መስሎ የሚታይ በደል ደግሞ ባለቤቱ በደል መሆኑን ስለማያውቀው ከንስሐ የራቀ ነው። ወይዘሮ ዘቢደር ይህን የተማረችው በአርባ አንድ ዓመቷ፣ ያውም በጨዋታ ምክንያት ነበር።

ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 2017 ዓ.ም.፣ ቦታው የሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ ጎዳና ነው። አቶ ስዩም በዚያ ጎዳና ላይ የሕትመትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ነበራቸው። ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ አራት ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። በየቅዳሜው ከቀትር በኋላ አራት ሰዎች እዚያ ይሰበሰቡና «ሰባተኛው ሜዳ» የሚባለውን ጨዋታ በኢንተርኔት ከሌሎች ቡድኖች ጋር ይጋጠማሉ።

ጨዋታው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ይሆናል ተብሎ የታሰበ ጦርነት ነው። የሚዋጉት ጎማም ሰንሰለትም የሌላቸው፣ ከምድር አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብለው የሚንሳፈፉ የብረት ተሽከርካሪዎች ናቸው። ኃይላቸው ግን በመድፋቸው አልነበረም፤ «የጋራ ዓይን» በተባለው መረብ ነበር እንጂ። አንዱ ተሽከርካሪ ጠላት ሲያይ ምልክት ያደርግበታል፤ ወዲያው በአራቱም ተጫዋቾች መስኮት ላይ ቢጫ ክብ ይወጣል። ቢጫው ብቻውን አይገድልም። ሁለተኛ ተሽከርካሪ በገዛ ዓይኑ ተመልክቶ «አጽና» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን ክቡ ይቀላል፤ በቀላም ጊዜ የአራቱም መድፎች ባለቤቶቻቸውን ሳይጠይቁ ወደዚያው ዞረው ይተኩሳሉ። ኮረብታ ቢጋርዳቸው እንኳ ዒላማቸውን አይስቱም። አንድ ሰው ያየውን አራት ሰው ይመታዋል።

የጨዋታው ሠሪዎች ሁለተኛ ዓይን ያስፈለጋቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በየግጥሚያው መካከል የአሸዋ ማዕበል ይነሣል። ማዕበሉ ሲነሣ ወዳጅን ከጠላት የሚለየው ሰማያዊ ነጥብ ከመስኮቱ ላይ ይጠፋል፤ በዚያች ደቂቃ አይቶ ያላጸና ሰው የገዛ ጓደኛውን ሊያስመታ ይችላል።

ከአራቱ የመጀመሪያው አቶ ስዩም ነበሩ። የሥልሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ የዕድሩ ሊቀ መንበር፣ ለቅሶም ሰርግም ያለ እሳቸው የማይሞላ፣ የጨዋታውም አዛዥ ናቸው። ትልቁን ተሽከርካሪ ይነዳሉ፤ ቡድኑ «ጉማሬ» ይለዋል። ሁለተኛው ይስሐቅ ነው፤ ታክሲ ነጂ፣ ዝምተኛ፣ ፈጣኑን የቅኝት ተሽከርካሪ «ንስርን» የያዘ። ሦስተኛዋ ዳጊ የተባለች፣ እዚያው አሜሪካ የተወለደች፣ በርባንክ ውስጥ የካርቱን ሥዕል የምትሠራ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናት። አራተኛዋ ዘቢደር ስትሆን ሚራክል ማይል ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ትሠራለች። በጨዋታው የእሷ ድርሻ ከጉማሬው ጎን እየሄዱ ማጽናት ነው። ልጇን ጌድዮንን ክርስትና ያነሣው ይስሐቅ ስለ ሆነ እሷና እሱ አበልጆች ነበሩ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዘቢደር ሕጉን ጠብቃ ነበር። አንድ ቅዳሜ አቶ ስዩም ምልክት ሲያደርጉ እሷ መስኮቷን አዙራ መፈለግ ጀመረች።

«ምን ጠፋሽ?» አሏት።

«ላየው ብዬ ነው፣ ጋሼ ስዩም።»

«እኔ አይቼው የለም እንዴ?»

«እርስዎማ አይተዋል። ጨዋታው ሁለተኛ ዓይን ስለሚል ነው።»

«አይ ዘቢደር! የፈረንጅ ጨዋታ የታላቅሽን ቃል በመነጽር እንድትመረምሪ ያስተምርሽ? እኔን ማስረጃ አምጣ ያለኝ ዳኛ እንኳ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም» ብለው ሳቁ።

ይስሐቅም ሳቀ፤ እሷም አፍራ ሳቀች። ከዚያች ቀን ወዲህ አቶ ስዩም ምልክት ሲያደርጉ ጣቷ ቁልፉ ላይ ያርፋል፤ ዓይኗ የት እንዳለ ግን እሷም አታውቅም።

ነገሩ ያልገባት ዳጊ ብቻ ነበረች። «ሶ፣ ሳታዪ ነው ኮንፈርም የምታደርጊው?» አለቻት አንድ ቀን።

«ጋሼ ካሉ አሉ ነው።»

«ታዲያ አንቺ ለምን ትቀመጫለሽ? በግራ እጁ እሱ ራሱ አይጫነውም?»

«ሂጂ ወዲያ! ‹አይጫኑትም› በዪ። ስድ አደግ!»

«ኦኬ፣ አይጫኑትም? ለምን አይጫኑትም?»

 ዘቢደር ተቆጥታ አለፈቻት።

ይህ ልማድ ግን ድል ሰጣቸው። ሌሎች ቡድኖች አይተው እስኪያጸኑ አራትና አምስት ሰከንድ ሲፈጁ የፌርፋክሶቹ ክብ በአንድ ሰከንድ ይቀላ ነበር። ተጋጣሚዎቻቸው ምን ዓይነት ሥልጠና ቢወስዱ ነው እያሉ ይደነቁባቸው ጀመር። በሬው ሳሩን እንጂ ገደሉን አያይምና እነሱም በፍጥነታቸው ኮሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እያሸነፉ ከከተማው ስምንት ምርጥ ቡድኖች አንዱ ሆኑ፤ በርባንክ አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት በሚደረገው ውድድርም እንዲካፈሉ ተጠሩ።

ከጥሪው ጋር አንድ ደንብ ተያይዞ መጣ። ዳጊ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ቡድኑ ለመጨረሻው ዙር ካለፈ፣ በዚያ ዙር አዛዥ የሚሆነው በውድድሩ ከፍተኛውን ነጥብ ያስመዘገበው ተጫዋች ነው። ከአራቱ ከፍተኛው ነጥብ ሁልጊዜ የይስሐቅ ነበር።

«በቃ፣ አበልጄ ተሾመ!» አለች ዘቢደር እያጨበጨበች።

«የተሾመ ይሾም» አሉ አቶ ስዩም፤ ፊታቸው ግን አልሳቀም። ይስሐቅ አንገቱን ደፍቶ «ኧረ ጋሼ እያሉ እኔ ምን ቆርጦኝ» አለ። ዘቢደር ይህን ሁሉ አየች፤ ከምንም ግን አልቆጠረችውም። በዓይን የታየ ሁሉ ልብ ውስጥ አይገባምና።

የበርባንኩ ግጥሚያ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ተጀመረ። የመጀመሪያውን ዙር በቀላሉ አሸነፉ። ለመጨረሻው ዙር የሚያሳልፈው ሁለተኛው ግጥሚያ ሲጋመስ የአሸዋው ማዕበል ተነሣ። መስኮቱ ሁሉ ደፈረሰ፤ ሰማያዊዎቹ ነጥቦች ጠፉ። ዘቢደር ከጎኗ የተቀመጡትን የአቶ ስዩምን ድምፅ ሰማች።

«ምልክት!»

ቢጫው ክብ ወጣ። ዘቢደር ተጫነች። ክቡ ቀላ። መድፏ በራሱ ዞሮ ተኮሰ፤ የጉማሬውም የዳጊም መድፎች ተከተሉ። በዚያው ቅጽበት ከወዲያ ጫፍ ይስሐቅ ከወንበሩ ተነሣ።

«እኔ ነኝ! እኔን ነው የመታችሁኝ!»

የይስሐቅ መስኮት ጠቆረ። ማዕበሉ አለፈ፤ የተቀሩት ሦስቱ እንደ ምንም ተፍጨርጭረው ግጥሚያውን አሸነፉ። ጭብጨባው ሳያባራ አቶ ስዩም ከወንበራቸው ዞረው በጠራ ድምፅ ተናገሩ።

«ይስሐቅ፣ ከጠላት ጎን ቆመህ መድፍህን ወደ እኛ ማዞርህ ስለ ምንድን ነው?»

«ምን?»

«አይቼሃለሁ። ተነጋግረህ ሸጥኸን። አይቼ ነው ምልክት ያደረግሁብህ። ብቻዬን ደግሞ አይደለም።» ወደ ዘቢደር ዞሩ። «አንቺስ አይተሽ አይደለም ወይ ያጸናሽው?»

አዳራሹ ውስጥ የነበሩ የአገር ልጆች ሁሉ አዩዋት።  «አላየሁም» ብትል ሁለት ዓመት ሙሉ ሳታይ መኖሯን በአደባባይ መናገሯ ነው፤ አንድ ሽማግሌም በሰው ፊት ማዋረዷ ነው። አበልጇ ዓይን ዓይኗን ያያል።

«አዎን» አለች።

ይህችን አንዲት ቃል ለመናገር ዓይን መጨፈን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀባትም።

ከአፍ የወጣ ቃል አፋፍ ይወጣል እንዲሉ፣ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ፌርፋክስ ደረሰ። እሑድ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ በር፣ ሰኞ በየምግብ ቤቱ ተወራ። በመጀመሪያ «ይስሐቅ በጨዋታ ጓደኞቹን ከዳ» ነበር የተባለው፤ ረቡዕ ላይ «በጨዋታ» የምትለው ቃል ወደቀችና «ይስሐቅ ጓደኞቹን ከዳ» ብቻ ቀረ። ይስሐቅ የታክሲ ነጂዎቹ ሰልፍ ላይ ሲደርስ ባልደረቦቹ ወሬያቸውን ያቋርጡ ጀመር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ተከተለ። የውድድሩ አዘጋጆች የመጨረሻውን ዙር አቆይተው፣ በሁለት የቡድን አባላት ፊርማ የተረጋገጠ ክስ ከደረሳቸው ይስሐቅን ከጨዋታው ለዘለዓለም እንደሚያግዱት፣ ስሙንም በከዳተኞች ዝርዝር ውስጥ ለሁሉ እንደሚያወጡት አስታወቁ። አቶ ስዩም ወረቀቱን አዘጋጅተው ፈረሙ። የቀረው የዘቢደር ፊርማ ነበር፤ ቀነ ገደቡም ተከታዩ ሰኞ ሆነ።

ሐሙስ ጧት ይስሐቅ ታክሲውን የመኪና ማቆሚያው በር ላይ አቆመና ዘቢደር ወደምትቀመጥባት የመስተዋት ክፍል መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አበልጄ» አላት፣ «ልጨቀጭቅሽ አልመጣሁም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ምን አየሽ?»

«ቆመህ ነዋ...» አለች።

«የት?»

«ከጠላት ጎን። መድፍህ ወደ እኛ ዞሮ።»

«በየት በኩል ነበርሁ? በግራሽ ወይስ በቀኝሽ?»

ዘቢደር አፏን ከፈተች። ሥዕሉ በልቧ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ነበር፤ ንስሩ አሸዋው ውስጥ ቆሟል፣ አንገቱን ወደ እነሱ አዙሯል፣ ከጎኑ ጥቁር የጠላት ተሽከርካሪ አለ። በግራ ይሁን በቀኝ ግን ሥዕሉ አይናገርም። ከኋላው መኪኖች ጡሩምባ ነፉ።

«እኔ እዚያ አልነበርሁም፣ ዘቢደር» አለ ይስሐቅ። «ብቻዬን ነበርሁ። ለጌድዮን በቅዱስ ቁርባን ፊት የቆምሁ ሰው ነኝ፤ ለማን ብዬ ነው የምሸጣችሁ? ታክሲዬን ቢወስዱብኝ ሌላ እገዛለሁ። ስሜን ግን ከየት እገዛዋለሁ?»

ጡሩምባው ሲበረታ ሄደ። ዘቢደር የዚያን ቀን ለሦስት ሰዎች የተሳሳተ ትኬት ሰጠች። ነገሩ እየተምታታባት ሄደ። አበልጇ አይዋሽም፤ ይህን ታውቃለች። ጋሼ ስዩምም አይዋሹም፤ ይህንም ታውቃለች። እሷ ራሷስ? ሥዕሉ አለ፤ ዓይኗን ስትጨፍን ይመጣል። ያላየችው ነገር እንዴት ይታያታል? ደግሞስ ያየችው ከሆነ ስለ ምን ጠርዙ የለውም? ከሥራ ስትወጣ መኪናዋን የት ፓርክ እንዳደረገች ጠፍቷት በየፎቁ ስትዞር ቆየች፤ ከዚያ በየቀኑ ከምታቆምበት ቦታ አገኘችው።

ዓርብ ከሥራ በኋላ ዳጊን ቤቷ ጠራቻት።

«አዘጋጆቹ ሪከርዲንግ ልከውልሻል» አለቻት ዳጊ፤ «የእያንዳንዳችንን መስኮት ለየራሳችን ነው የላኩት። ኢሜይልሽን አላየሽም እንዴ?»

«ምን እንደሆነ ሳላውቅ ትቼው ነው።»

«ሶ፣ አሁን ኦፕን እናድርገው።»

ከፈቱት። ማዕበሉ ተነሣ፤ የአቶ ስዩም «ምልክት!» ተሰማ፤ ቢጫው ክብ በዘቢደር መስኮት ጠርዝ ላይ ከኋላዋ አቅጣጫ ወጣ። በዚያች ቅጽበት የዘቢደር ተሽከርካሪ ፊቱን ወደተቃራኒው አዙሮ የፈረሰ ግንብ ያያል። ግንብ፣ አሸዋ፣ ሌላ ምንም የለም። ክቡ ቀላ።

«መልሺው» አለች ዘቢደር።

ግንብ። አሸዋ። ቀይ ክብ።

«መልሺው እስቲ።»

«ሦስት ጊዜ አየነው እኮ። አልዞርሽም። ጀርባሽን ሰጥተሽ ነው የተጫንሽው።»

«እኔ ግን አይቼዋለሁ፣ ዳጊ። ንስሩ ሲዞር፣ መድፉ...»

«መቼ?»

 መቼ? ያን ሥዕል ያየችው የተጫነች ጊዜ አልነበረም። አቶ ስዩም «መድፍህን ወደ እኛ ማዞርህ ስለ ምንድን ነው» ሲሉ ነው በልቧ የተሣለው። ቃላቸው ሥዕል ሆነ፤ እሷም ሥዕሉን ትዝታ ብላ አኖረችው። ይህን አውቃም እንኳ ሥዕሉ አልጠፋም፤ እዚያው ቆሞ መድፉን ያዞርባታል። ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሌላም ነገር አለ» አለች ዳጊ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትናንት ጋሼ ስዩም ሳይመጣ እሱ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጨዋታውን ከፈትሁት። የካፕቴኑ ስክሪን ከእኛ ይለያል። ማዕበሉ ሲመጣ እኛ ላይ የሚጠፉት ሰማያዊ ነጥቦች እሱ ላይ አይጠፉም። አዛዥ ስለሆነ ካርታው ሁሌም ያሳየዋል።»

«እና?»

«እናማ ይስሐቅ መሆኑን ያውቅ ነበር።»

«ተይ!» አለች ዘቢደር። «ተሳስተሽ ነው።»

«ኦኬ፣ ተሳስቼ ይሁን። አንቺ ግን አሁንም ሳታዪ ነው የምታጸኚው።»

ዘቢደር በዚህች ልጅ ፊት እንዲህ ስታፍር የመጀመሪያዋ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሽምግልና ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ሁለት አዛውንቶችና እትዬ ካሰች ነበሩ። እትዬ ካሰች የሰባ አምስት ዓመት ባልቴት ናቸው፤ በዕድሜአቸው ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ ነገርን ከሥሩ ማጥራት ግን ይችሉበታል። ይስሐቅ በአንድ ወገን፣ አቶ ስዩም በሌላው ተቀመጡ። ያልተፈረመው ወረቀት ከነብዕሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል።

አቶ ስዩም ረጅም ንግግር አደረጉ። ስለ አንድነት፣ ስለ ታማኝነት፣ ልጆች በሰው አገር ስለሚማሩት ምሳሌ ተናገሩ። ንግግሩ አንድም የሚነቀፍ ቃል አልነበረውም። በመጨረሻ «ዘቢደር ትፈርምና ነገሩ ይለቅ» አሉ።

እትዬ ካሰች እጃቸውን አነሡ። «ቆይ ስዩም፤ እኔ ይህ የተሽከርካሪ ነገር አይገባኝም። አንድ ነገር ግን ይገባኛል። ነይ ልጄ፣ ወዲህ ነይ። ስትጫኚው ምን አየሽ?»

ዘቢደር ተነሣች። 

«ግንብ» አለች።

«ግንብ? ከግንቡ በኋላስ?»

«አሸዋ።»

«ከአሸዋው በኋላስ?»

«ሌላ የለም፣ እትዬ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አቶ ስዩም «ደንግጣ ነው፣ እናቴ። ቀን ይሰጣት» አሉ።

«አልደነገጥሁም፣ ጋሼ ስዩም» አለች ዘቢደር። «የደነገጥሁ ‹አዎን› ያልሁ ዕለት ነው። ንስሩን አላየሁም። ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። እሱን ብቻ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እርስዎ ምልክት ካደረጉበት አንዱንም አላየሁም።»

«ታዲያ ሁለት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር?» አሉ እትዬ ካሰች።

«ስጫን።»

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ግን አፈረና ዝም አለ፤ ሌላም የሳቀ አልነበረም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጡት መካከል ያን ሳምንት ሳያይ ያልተጫነ፣ «እኔም ሰምቻለሁ» ሳይል የዋለ ሰው ስንት ነበር?

«ግን እትዬ፣» አለች ዘቢደር ቀጥላ፣ «አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል። ቆሞ ይታየኛል። አላየሁትም፤ ግን ይታየኛል። ይህን እንዴት እንደምናገር አላውቅም።»

«አትጨፍኚዋ» አሉ እትዬ ካሰች። ከዚያ ወደ አቶ ስዩም ዞሩ። «ስዩም፣ ይህች ልጅ ሳታይ አጽንታለች፤ ጥፋቷን ተናገረች። አንተ ግን ፊተኛው ነህ። ይችኛዋ ልጅ፣ ዳጊ፣ ቀደም ብላ አጫውታኛለች። በአዛዡ መስኮት ላይ ወዳጅን የሚያሳይ ሰማያዊ ነጥብ አለ አሉ። በዚያች ሰዓት ነበረ ወይስ አልነበረም?»

አቶ ስዩም ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ያዙ።

«ሰው ጠየቅሁህ።»

«ማዕበል ነበር» አሉ።

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ። ነጥቡ ነበረ ወይስ አልነበረም?»

«እናቴ፣ ነጥብ ብቻ አይቶ...»

«ነበረ?»

ያን ጊዜ አቶ ስዩም ብድግ አሉ፤ የዕድሜአቸውንና የማዕረጋቸውን ነገር ረሱ። «ታዲያ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ መሣሪያዬ አሠልጥኜው፣ ወንበሬን ለታክሲ ነጂ ለቅቄ ከኋላው ልቀመጥ? ይህ ነው ለእኔ የተገባኝ?»

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የሰሙት። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ይስሐቅ አንገቱን ቀና አድርጎ አያቸው፤ በፊቱ ላይ ከቁጣ ይልቅ ግራ መጋባት ነበረ። «ጋሼ» አለ፣ «ወንበሩን መቼ ፈለግሁት? እርስዎ እያሉ እንደማልቀመጥበት ነግሬዎት አልነበረም?»

 ዘቢደር ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንሥታ ለሁለት ቀደደችው። አበልጇ አጠገብ ሄዳ ጉልበቱ ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዞ አስቆማት። «ተነሺ» አላት፤ «ይቅር ብያለሁ» ግን አላላትም።

ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ተመካከሩና ፍርዳቸውን ቆመው አነበቡ። ዘቢደር አጥፍታለችና፣ አቶ ስዩም ሐሰታቸውን በሚያምኑበት ስፍራ ሁሉ አብራ ቆማ «እኔም ሳላይ አጽንቻለሁ» እንድትል ተፈረደባት። የአዘጋጆቹም መልስ በሳምንቱ መጣ፤ ይስሐቅ ነጻ ተባለ።

የአቶ ስዩም ቅጣት ይህ ነበር። ከዕድሩ ሊቀ መንበርነት በዚያው ቀን ተሻሩ፤ ማኅተሙንና መዝገቡን ለአዲሱ ሊቀ መንበር በሕዝብ ፊት አስረከቡ። የውድድሩ አዘጋጆች የገዛ ጓደኛን አውቆ ማስመታት ብለው ለአምስት ዓመት ከማንኛውም ግጥሚያ አገዷቸው፤ ስማቸውንም ለይስሐቅ ባዘጋጁት ዝርዝር ውስጥ አወጡት። በሽማግሌዎቹም ፍርድ መሠረት ከፌርፋክስ ዳር እስከ ዳር ወሬውን ባወሩበት በሃያ ሦስት በር በየተራ እየገቡ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ስለ ይስሐቅ የተናገርሁት ሐሰት ነው፤ ሐሰት መሆኑንም አውቅ ነበር» አሉ። አሥራ ዘጠኙ ቤቶች ቆመው ሰሟቸው፤ አራቱ በሩን አልከፈቱላቸውም። ለእነዚያ አራቱ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና እንዲሄዱ ታዘዙ፤ ሄዱም።